ዓለማየሁ የደረሰበት የባሕር ዳርቻ ቤት

ጥያቄ፦ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበው ኦዝቦርን በሚባለው ቤታቸው ነው ይባላል። የቤቱን ፎቶዎች ሳይ አንድ ነጭ በነጭ የሆነ፣ ጣሪያው ሁሉ በቅርጽ የተሞላ የሕንድ አዳራሽ አየሁ። የተቀበሉት እዚያ ነው? ደግሞስ የጣሊያን የሚመስል ቤት እንግሊዝ አገር ምን ይሠራል?

መልስ፦ ኦዝቦርን መገናኘታቸው እውነት ነው። ጊዜው ጁላይ 1868 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ ገና ሦስት ወር ገደማ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም መንገድ ላይ ዐርፈዋል። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር።

አዳራሹ ግን ያኔ የለም! ደርባር የሚሉት ይህ ክፍል የተሠራው በ1890 እና 1891 ነው፤ ዓለማየሁ ደግሞ በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ውስጥ ሞቷል። ስለዚህ አላየውም። ቅርጻ ቅርጹን የነደፈው ያኔ የሕንድ ከተማ ከነበረችው ከላሆር የመጣው ባይ ራም ሲንግ ነው። ቪክቶሪያ በ1876 የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ስለነበር ክፍሉ ያንን ማዕረግ የሚያሳይ ነው። የኦዝቦርንን ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ የትኛው ክፍል መቼ እንደተሠራ ጠይቁ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ አልተገነባምና።

ዓለማየሁ የደረሰበት ቤት የ1840ዎቹ ነው። ንግሥቲቱና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ልጆቻቸውን ይዘው ከሰው ዓይን የሚርቁበት ቦታ ይፈልጉ ነበር። ብራይተን ያለው የባሕር ዳርቻ ቤተ መንግሥት ከተማ መሀል ስለሆነ ሕዝቡ እየተከተለ መፈናፈኛ አሳጣቸው። በ1845 ከእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ባለችው ዋይት ደሴት ላይ የኦዝቦርንን ርስት ገዙ። አልበርት ከዚያ ሆኖ ሶለንት የሚባለውን ጠባብ ባሕር ሲያይ የኔፕልስ ባሕር ትዝ አለው፤ ሁለቱ ማማዎች፣ በረንዳውና እርከኖቹ የጣሊያን መልክ የያዙት ከዚህ ነው።

አብሮት ያቀደውም የገነባውም ቶማስ ኩቢት ነው፤ ሎንደን ውስጥ ቤልግሬቪያ የሚባለውን ሰፈር የገነባው ትልቅ ተቋራጭ። ቤተሰቡ በ1846 የራሱ ክፍል ሲያልቅ ገባ፤ የቀረው እስከ 1851 ቆየ። ከሩቅ የተጠረበ ድንጋይ የሚመስለው ግድግዳ ጡብ ነው፤ ላዩ ድንጋይ እንዲመስል በሲሚንቶ ተለስኗል። ወለሎቹን የተሸከመው ብረት ሲሆን፣ ድምፅ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንዳያልፍ መሀሉ የባሕር ዛጎል ተሞልቶበታል። ዘጠኝ ልጆች ለሚሯሯጡበት ቤት ይህ ዛጎል ከማማዎቹ የበለጠ ብልሃት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አትክልቱስ? ከቤቱ ጋር የተሠራ ነው ወይስ በኋላ የመጣ?

መልስ፦ አብሮ ነው የተሠራው። ቤቱ ከኮረብታው ወደ ባሕሩ በእርከን ይወርዳል፣ እርከኖቹም የቤቱ ተከታይ ክፍሎች ናቸው፤ ግንብ አላቸው፣ ደረጃ አላቸው፣ ፏፏቴ አላቸው። ብዙዎቹ ሐውልቶች እብነ በረድ ሳይሆኑ ከሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው። የግሪክ አፈ ታሪክ ልዕልት የሆነችውን የአንድሮሜዳን የነሐስ ሐውልት ግን ቪክቶሪያ በ1851 ከታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን ገዝተው ነው እዚያ ያቆሟት።

እኔን የሚማርከኝ ግን ራቅ ብሎ ያለው የልጆቹ አትክልት ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከእንጨት በተሠራው የስዊስ ጎጆ አጠገብ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው። አካፋውም፣ መኮትኮቻውም፣ የእጅ ጋሪውም ለቁመታቸው ተመጥኖ የተሠራ ሲሆን፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ የስማቸው ፊደል ተጽፎበታል። ያመረቱትን አትክልት አልበርት በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ጎጆው ውስጥ ደግሞ ምግብ ማብሰል ይማሩ ነበር። የንጉሥ ልጅ እጁን አፈር እንዲያስነካ መደረጉ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ንግሥቲቱ ባሕር ውስጥ ይዋኙ ነበር? ቤቱስ ዛሬ የማን ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ባሕር ገብተዋል፤ የመጀመሪያው በ1847 ነው። ሰው እንዳያያቸው ባለመንኮራኩር የእንጨት ክፍል ውስጥ ልብስ ይቀይራሉ፣ ክፍሉ በሐዲድ ወደ ውኃው ይወርዳል። ያ ክፍል በኋላ የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር፤ ታድሶ ዛሬ እዚያው ዳርቻ ላይ ቆሟል።

ቪክቶሪያ በጥር 1901 እዚያው ኦዝቦርን ዐረፉ። ልጃቸው ኤድዋርድ 7ኛ ቤቱን ስላልፈለጉት በ1902 ለመንግሥት ሰጡት። ከ1903 እስከ 1921 በግቢው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ታሪካዊ ቅርሶችን የሚጠብቀው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል ድርጅት ነው፤ ከፍሎ መጎብኘት ይቻላል፣ የልጆቹ የእጅ ጋሪዎችም ይታያሉ።