መድኃኒቱን እንጣልበት ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወገቡን ታሞ ትራማዶል ታዘዘለት። ሕመሙ ከተሻለው ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ግን አልተወም። አሁን ባለ 50 ሚሊግራሙን በቀን እስከ 10 ፍሬ ይወስዳል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ዲያዜፓም ይጨምርበታል። ስቆጣው «ሐኪም ያዘዘው እኮ ነው፣ ሐሺሽ አይደለም» ይለኛል። እናታችን ሁሉንም ሰብስባ ልትጥልበት ተነሥታለች። ትጣልበት ወይ?
ጭንቅ የያዛት እህት

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣሉበት። ሐኪም ሳያየው አይሆንም።

የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል። ግን እንዲህ የለመደ ሰው ትራማዶልን በአንዴ ሲያጣ ሰውነቱ ይታወካል። ያልበዋል፣ ይበርደዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩ አላርፍ ይለዋል። አንዳንዱ ጭራሽ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ይጀምራል። የዲያዜፓሙ ደግሞ ይብሳል። በየቀኑ ሲወስድ ቆይቶ ድንገት ያቆመ ሰው ራሱን ስቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም የሚቀነሱት በሐኪም እቅድ፣ ቀስ እየተባለ ነው። እናትሽ ሊረዱት ከፈለጉ መድኃኒቱ እሳቸው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሐኪሙ በጻፈው ልክ በእጃቸው ይስጡት።

«ሐኪም ያዘዘው ነው» የሚለውን ክርክር መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ወጣቱ ፊቱን አልቦት፣ ክንዱን እያከከ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ ይመጣል። የታጠፈና ጊዜው ያለፈበት ማዘዣ ይዘረጋና «ጠንከር ያለው የለም?» ይለኛል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እዚያ የደረሰው። ሐኪም ግን ሲያዝ ለአንድ ሕመም፣ በአንድ መጠን፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው ያዘዘው። ከዚያ ያለፈው የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። ሄሮይን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1898 በባየር ኩባንያ የሳል መድኃኒት ተብሎ ለገበያ የወጣ ነው። ለወንድምሽ ይህንን ንገሪው።

ትራማዶል የሚሠራው ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ በሚሠራበት የአንጎል ቦታ ላይ ነው። ለአዋቂ ሰው የቀኑ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 400 ሚሊግራም ነው፤ ወንድምሽ 500 ደርሷል። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅን ሰው እንኳ ያንቀጠቅጣል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ሲጨመሩበት ስጋቱ ያድጋል። ጉበት ትራማዶልን ወደ ሌላ፣ ከራሱ ወደሚበረታ ነገር ይቀይረዋል፤ ይህ ቅየራ በአንዳንዱ ሰው ላይ በጣም ፈጣን ነው። «ጓደኛዬ ይህን ያህል ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ምንም የማይረባው ለዚህ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ማታ የሚጨምረው ዲያዜፓም ነው። ሁለቱም መተንፈስን ያዘገያሉ። አልኮል ከታከለ ይባስ። አደጋው ከውጭ ሲያዩት እንቅልፍ ይመስላል፤ ቤተሰብ የሚሸወደውም እዚያ ላይ ነው። ከጉሮሮው የሚወጣ የተለየ ከባድ ማንኮራፋት ከሰማሽ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም አመድ ከመሰለ፣ ነቅንቀሽው ካልነቃ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» እንዳትሉ። ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ ከተገኘ ትንፋሹን ሊመልስ ይችላል፤ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ «ነቅቷል» ብላችሁ ሐኪም ቤት መውሰዱን አትተዉ። ቢንቀጠቀጥ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ።

ኪኒኑን ከየት እንደሚያመጣም ጠይቂው። ከመድኃኒት ቤት ውጭ የሚሸጠው ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። በአንዳንድ አገሮች ቁርጥ የመድኃኒት መልክ ባላቸው ሐሰተኛ ኪኒኖች ውስጥ ፌንታኒል ተገኝቷል። ይህ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ይበረታል፤ 2 ሚሊግራም፣ ማለትም ጥቂት የጨው ቅንጣት የምታክል፣ ሰው ልትገድል ትችላለች።

ስታናግሪው ቀን ላይ፣ ኪኒን ባላደነዘዘው ሰዓት ይሁን። አትስደቢው። አብራችሁ ተቀመጡና የሚወስደውን ሁሉ ከነሚሊግራሙ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አልኮሉንም፣ ሌላ መድኃኒት ካለም እሱንም። ወረቀቱን ሐኪሙ ያስፈልገዋል። ቢቻል የሱስ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ይሁን። ለዚህ ሱስ መድኃኒትም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ቅነሳውን ከመጀመሩ በፊት ይወቅ። ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን መሸከም ያቅተዋል። ብዙ ሰው የሚሞተው አቁሞ ከርሞ፣ አንድ ክፉ ቀን የለመደውን ያህል ሲውጥ ነው። ዛሬ የሚችላቸው 10 ፍሬዎች ያን ቀን ሊገድሉት እንደሚችሉ በግልጽ ንገሪው፤ ቢያገረሽበትም ደብቆ ከመውሰድ ይልቅ መጥቶ ይንገርሽ።