«ንድፈ ሐሳብ ነደፈ» ማለት ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ ጽሑፎቼን የሚያርሙልኝ የሥራ ባልደረባዬ «ንድፈ ሐሳብ ነደፈ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ድግግሞሽ ነው እያሉ «መላምት ሰነዘረ» በሚለው ይተኩታል። ሁለቱ አንድ ናቸውን? ይህ «ነደፈ»ስ ንብ ነደፈ ከምንለው ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ ድግግሞሹን ማስተዋላቸው መልካም ነው፤ እንደ ስሕተት መቁጠራቸው ግን ከአማርኛ ጠባይ ጋር አይሄድም። «ጥልፍ ጠለፈ»፣ «ዘፈን ዘፈነ»፣ «ሥራ ሠራ» ስንል ስሙና ግሱ ከአንድ ሥር መውጣታቸው ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ለጆሮ ከከበደዎት «አፈለቀ» ወይም «አቀረበ» ቢሉም ያስኬዳል።

«ነደፈ» ብዙ ሥራ ያለበት ግስ ነው። ንብና ጊንጥ ይነድፋሉ፤ ጥጥ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ጠላፊ መርፌ ከማንሳቷ በፊት የጥልፉን መልክ በጨርቁ ላይ ትነድፋለች፤ መሥሪያ ቤትም ዕቅድ ይነድፋል። ለሳይንሱ ቃል የሚቀርቡት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ «ንድፍ» የመጨረሻ ፊደሉ በግእዝ ቋንቋ ሥርዓት ከሳድስ («ፍ») ወደ ግእዝ («ፈ») ተለውጦ ከ«ሐሳብ» ጋር ሲናበብ «ንድፈ ሐሳብ» ሆነ። ሰውን ተሳቢ አድርገው «ነደፈኝ» ካሉ ግን የሚሰማው መርዙ ብቻ ነው።

በምትኩ ቃል ፈጽሞ አልስማማም። «መላምት» የወጣው ከ«መላ መታ» ነው፤ መላ የሚመታ ሰው ገና ያላረጋገጠውን ይገምታል። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር በ1912 እ.ኤ.አ. አህጉራት ቀድሞ አንድ እንደነበሩና ተለያይተው እንደተንሸራተቱ ሲናገር፣ ምን እንደሚገፋቸው አጥጋቢ ማብራሪያ ስላልነበረው፣ መላ መታ ቢባል አይበደልም። የውቅያኖስ ወለል ከተጠና በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የምድር ቅርፊት የተከፈለባቸውን ሰሌዳዎች እንቅስቃሴ ያብራሩት ሊቃውንት ግን ንድፈ ሐሳብ ነድፈዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ስትለያይ የታየውን የሚያስረዳን ይኸው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እርሱን «መላምት» ብሎ ማረም ቃል ማሳጠር ሳይሆን ማስረጃውን መሰረዝ ይሆናል።

ተቃራኒው ስሕተትም በዜናዎቻችን አልጠፋም። ፖሊስ ሌባው የቤት ሰው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሲያስብ ንድፈ ሐሳብ አልነደፈም፤ ጠረጠረ።