ብርሃን በስንጥቅ ሲያልፍ «ይሰበራል» ወይስ «ይበተናል»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግድግዳ ላይ ሲሰፋ ተማሪዎቼ «ተሰበረ» ይላሉ፤ ባልደረባዬ «ተበተነ» ነው የሚባለው ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አያስኬዱም ባይ ነኝ፤ ነገሩ በእንግሊዝኛ «ዲፍራክሽን» የሚባለው ክስተት ነው። «ስብረት» ባለቤት ያለው ቃል ነው፤ ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን የሚለውጥበት ክስተት መጠሪያ ሆኗል። «መበተን»ም ነጭ ብርሃን በፕሪዝም ወደ ኅብረ ቀለማቱ ለሚለያይበት ቢቀመጥ ይሻላል። እርግጥ ነው፣ «ዲፍራክሽንም ከሥሩ መሰበር ነው» ብለው የሚሞግቱ አሉ፤ ስያሜው ጣሊያናዊው ካህን ግሪማልዲ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1665 በታተመው መጽሐፉ የወጣው «ሰባብሮ መለያየት» ከሚል የላቲን ግስ ነውና። ይሁን እንጂ የላቲን ሥር አማርኛን ሊገዛ አይችልም፤ ደግሞስ እዚያ ምን የሚሰበር ነገር አለ?

የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን 0.1 ሚሊሜትር በሚሰፋ ክፍተት አልፎ 2 ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ መካከሉ 26 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ይደምቃል፤ በግራና በቀኙ ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስፋታቸው የመካከለኛው ግማሽ የሆኑ፣ እየደበዘዙ የሚሄዱ ብርሃኖች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጥቁር መስመር የሚወድቀው ከክፍተቱ አንድ ግማሽ የተነሣው ሞገድ ከሌላው ግማሽ ከተነሣው ጋር፣ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ እያረፈ፣ በሚጣፋበት ቦታ ነው። ክፍተቱን በግማሽ ቢያጠቡት መካከለኛው ብርሃን በእጥፍ ይሰፋል።

«ቀዳዳ» ማለትዎንም አልወደድኩትም። ቀዳዳ ሲባል ክቡ ይቀድማል፤ በክብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ግን ግድግዳው ላይ የሚሠራው ቀለበት ነው። «ስንጥቅ» ይበሉ፤ በግእዝ «ሠጠቀ» የነበረው፣ በአማርኛ «ነ» ሰርጎ ገብቶበት «ሰነጠቀ» የሆነው ግስ ልጅ ነው።

ለክስተቱ እኔ የምመርጠው «ፍንጥቀት»ን ነው። «ብርሃን ፈነጠቀ» እንላለንና ጆሮዬ ይወደዋል። ተቃዋሚዎቼ የሚፈነጠቀው ጠብታ እንጂ ሞገድ አይደለም ይሉኛል፤ ክርክራቸው ከእኔ ይበረታል፣ ምርጫዬን ግን አላስለወጠኝም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ «ዲፍራክሽን» ክፍሉን ከወረሰው ቆይቷል፤ ቅር እያለኝም ቢሆን ተማሪዎችዎ በዚሁ ቢጠቀሙ አልከለክልም፤ «ተሰበረ» ሲሉ ግን ያርሟቸው።