ለልጄ አእምሮ እድገት ምን ላብላው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ጡት ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን የላም ወተት በጡጦ ነው የሚጠጣው፣ በቀን እስከ 5 ጡጦ። ሌሊትም ነቅቶ ይጠይቀኛል። ምግብ ላይ ግን በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ከቀመሰ በኋላ ፊቱን ያዞራል። ጓደኛዬ ለልጇ «የአንጎል ሽሮፕ» ገዝታለት ንቁ ሆነልኝ ትላለች። የኔ ልጅ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ ሰጋሁ። ለአእምሮው የሚጠቅመው ምግብ የትኛው ነው? ሽሮፑንስ ልግዛለት?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሽሮፑን ለጊዜው ይተዉት። ስለ ምግብ ከማውራታችን በፊት ግን ጡጦውን እንየው፤ ከጻፉልኝ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትልቅ ጡጦ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 5 ጡጦ ማለት እንግዲህ 1.2 ሊትር ነው። ስቡ ያልወጣለት ወተት ከሆነ ወደ 750 ካሎሪ ይሰጣል። በልጅዎ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ በቀን የሚያስፈልገው ከ900 እስከ 1000 ካሎሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ምግብ ሲቀርብለት ሆዱ ቀድሞ ሞልቷል። ፊቱን የሚያዞረው ምግብ ጠልቶ ላይሆን ይችላል፣ ጠግቦ ነው።

አሁን ደግሞ ብረትን እናስላ፣ ብዙዎቻችን አይረን የምንለውን። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ያ ሁሉ 1.2 ሊትር ወተት 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሰጠውም። በዚያ ላይ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያስቸግራል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ችግሩ ብዛቱ ነው።

ብረት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የደም ማነስ ነው። አንጎልም ግን በጣም ይፈልገዋል። የነርቭ ክሮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ አላቸው፣ መልእክት በፍጥነት የሚሄደው ይህ ሽፋን ሲኖር ነው፣ ሽፋኑ በብዛት ከሚሠራባቸው ጊዜያት አንዱ ደግሞ ልጅዎ አሁን ያለበት ዕድሜ ነው፤ ለሥራው ብረት ያስፈልጋል። ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎችም ያለ ብረት በደንብ አይመረቱም። የልጅ አንጎል በ2 ዓመቱ የአዋቂን መጠን 80 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ሩጫ መሃል ብረት ከጎደለ፣ በኋላ ደሙ ቢስተካከል እንኳ በትኩረትና በመማር ላይ ያለው ጫና ሊቆይ ይችላል። ደግሞ እጥረቱ የሚጀምረው የደም ማነስ ከመታየቱ በፊት ነው። ልጁ ደህና እየመሰለ ክምችቱ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወተቱን መቀነስ ነው። በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር አይለፍ። በአንድ ቀን ይቁም አልልዎትም፣ ቤቱን በለቅሶ ይሞላዋል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከእያንዳንዱ ጡጦ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንሱ። የሌሊቱን ቀስ በቀስ በውሃ ይተኩት፤ ይህ ለጥርሱም ይበጃል። የቀኑን በኩባያ ይስጡት፣ ከምግብ በፊት ሳይሆን ከምግብ በኋላ። ጡጦ ይዞ የሚዞር ልጅ ሳያውቀው ብዙ ይጠጣል፤ ኩባያ ግን ተቀምጦ የሚጠጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ያኮርፋል፣ ያለቅሳል። ከዚያ ግን ረሃብ ይመጣል፤ እኛም የምንፈልገው ረሃቡን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ እስከ 2 ዓመት ድረስ ስቡ የወጣለት ወተት አይስጡት። አንጎል ስብ ይፈልጋል።

እሺ፣ ሲርበው ምን ይብላ?

ከሁሉ በፊት ብረት ያለው ነገር። ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ጉበት። ከእንስሳት የሚገኘው ብረት ሰውነት ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ጉበት በተለይ ኃይለኛ ነው፣ ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል። ሥጋ ማኘክ ካቃተው በደንብ አብስለው ይፍጩትና ከተፈጨ ድንች ጋር ያዋህዱት። ሥጋ በቤት ውስጥ ከሌለ ወይም ካልተበላ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ አለ። የእነዚህ ብረት በቀላሉ አይገባም፤ ስለዚህ አብሮ ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። ከምስሩ ጎን ሁለት የብርቱካን ክፋይ፣ ወይ ቲማቲም፣ ወይ ፓፓያ ያድርጉለት። ሻይ ግን አይስጡት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን ይይዘዋል።

እንቁላል በጣም እወዳለሁ፣ ለልጆች ማለቴ ነው። አስኳሉ ውስጥ ኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የአንጎል ሴሎች ግድግዳ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነው፣ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ አንድ የነርቭ ኬሚካልም ከእሱ ይመረታል። በልጅዎ ዕድሜ በቀን 200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፣ አንድ ትልቅ እንቁላል 150 ገደማ ይሰጣል። አስቡት፣ በአንድ እንቁላል አብዛኛው ተሸፈነ ማለት ነው! በደንብ የበሰለ ይሁን ብቻ። አስኳሉን አውጥተው ነጩን ብቻ የሚሰጡ እናቶች ያጋጥሙኛል፤ ዋናው ነገር እኮ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው።

ዓሣ ደግሞ ያ ሽሮፕ ሁሉ የሚነግድበትን ኦሜጋ 3 የሚባል ስብ ከፕሮቲንና ከአዮዲን ጋር አንድ ላይ ይሰጣል። ስብ ያላቸው ትናንሽ ዓሦች፣ ለምሳሌ ሳርዲን፣ ጥሩ ናቸው። እንደ ሻርክ ያሉ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሜርኩሪ ስለሚያጠራቅሙ ለትንሽ ልጅ አይሆኑም። እሾኩን በጣትዎ እየዳሰሱ ያውጡ፣ በዓይን ብቻ አይመኑ።

ጨዉ አዮዲን ያለው መሆኑን ፓኬቱ ላይ ያረጋግጡ። አዮዲን ሲጎድል የታይሮይድ ሆርሞን ይጎድላል፣ ያለ እሱ አንጎል በአግባቡ አያድግም። ይህ ማለት ጨው ይብዛለት ማለት አይደለም፤ ትንሿ ጨው አዮዲን ያላት ትሁን ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻ ይጨምሩት። እርጎ፣ አትክልት፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ ሁሉም ቦታ አላቸው። ቤተሰቡ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የማይበላ ከሆነ ግን ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ ሐኪም ያነጋግሩ፣ ይህን በምግብ ብቻ አይሞክሩት።

ትንታን ደግሞ አልዘለውም። ድፍን ኦቾሎኒ፣ ድፍን ወይን፣ ጥሬ ካሮት በዚህ ዕድሜ አይሰጥም። ወይኑን በቁመቱ ለአራት ይሰንጥቁት፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን በስሱ ይቀቡት። ሲበላ ተቀምጦ፣ እርስዎም አጠገቡ ሆነው ይሁን።

ካልበላ አያስገድዱት። በ2ኛው ዓመት የልጅ እድገት ከ1ኛው ዓመት በጣም ስለሚቀንስ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ ይህ የተለመደ ነው። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እርስዎ ይወስኑ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ደግሞ እሱ ይወስን። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብና በመሃል አንድ ሁለት መክሰስ ይበቃል። አዲስ ምግብ ሲሰጡት በትንሹ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከሚወደው ነገር አጠገብ ያድርጉለት። ቢተፋው ከጥቂት ቀን በኋላ መልሰው ያቅርቡ፤ አንዳንድ ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ማየት ይፈልጋል። ስልክ እያሳዩ ማጉረስ ግን ይቅር። ልጁ መጥገቡንም ጣዕሙንም ሳያውቅ ነው የሚውጠው።

ወደ ሽሮፑ ልመለስ። ኦሜጋ 3 ሽሮፕ ጤናማ ልጅን ይበልጥ ብልህ እንደሚያደርግ በቂ ማስረጃ የለም። ገንዘቡን እንቁላልና ዓሣ ይግዙበት። አንዳንዱ ሽሮፕ ደግሞ ብረት አለበት፣ ይህን ሳያስመረምሩ አይስጡ። ብረት ሲበዛ ይመርዛል፤ ትንሽ ልጅ የአዋቂ የብረት እንክብል አግኝቶ ከዋጠ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፣ ቤትዎ ካለ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ልጅዎ ግን መታየት አለበት፣ ይህን ያህል ወተት እየጠጣ ስለቆየ። ሐኪሙ የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንና የብረት ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲን በደም ምርመራ ያይለታል፤ እጥረት ከተገኘ ብረቱን በኪሎው መጠን ያዝለታል። ገርጥቶ ካዩት፣ አፈር ወይም ወረቀት መብላት ከጀመረ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ እስካሁን ምንም ቃል ካልተናገረ ወይም ካልተራመደ፣ ወይ ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት የ3 ቀን ምግቡንና መጠጡን በሰዓቱ ጽፈው ይያዙ፣ እያንዳንዱን ጡጦ ሳይቀር፤ «ትንሽ ነው የሚበላው» ከማለት ይልቅ ያ ወረቀት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።