በገጠር መንደር ቤት ከመግዛትዎ በፊት

በትንሽ መንደር ያገኙት ቤት ዋጋው ረከስ፣ ግቢውም ሰፋ ያለ ስለሆነ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ምን ማጣራት እንደሚገባዎት ጠይቀዋል። ከሁሉ አስቀድመው ውኃውን እንዲመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የገጠር ቤት ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያገኘው ከራሱ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ በደረቁ ወቅት ማብቂያ ላይ ይጎድል እንደሆነ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶችንም ይጠይቁ፤ ናሙናም ወስደው በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም፤ ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ውኃ የሚገባው ናይትሬት የተባለው ውህድም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። በአቅራቢያው ማዳበሪያ የሚጨመርበት እርሻ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ፣ በተለይም በቤቱ ጨቅላ ሕፃን የሚያድግ ከሆነ፣ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ የሌላ ሰው መሬት የሚያቋርጥ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ የማለፍ መብቱ በቃል ስምምነት ሳይሆን በተመዘገበ ሰነድ መስፈሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ፤ የዛሬው ባለመሬት ቢፈቅድ እንኳ ነገ ወራሹ ሊከለክል ይችላልና። ድንበሩንም በቀያሽ ያስለኩ። በትንሽ መንደር ገዢ ጥቂት በመሆኑ ቤቱን መልሶ መሸጥ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ የሚቻልዎት ከሆነ አስቀድመው እዚያው ተከራይተው አንድ የዝናብ ወቅት ቢያሳልፉ ይሻላል እላለሁ።