አንቲቫይረስ እያለ ኮምፒውተሩ ለምን ይጠቃል?

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አምስቱም ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ናቸው። ዳታ እንዳይበሉ አፕዴት ዘግቻለሁ፤ አንቲቫይረስ ግን አላቸው። አንድ ባለሙያ «በፈር ኦቨርፍሎው አለባቸው፣ በኔትወርክ ይገባብሃል» አለኝ። አንቲቫይረሱ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ቀዳዳው ያለው ዊንዶውሱ ራሱ ውስጥ፣ ፋይልና ፕሪንተር ሼር በሚያደርገው ኤስኤምቢ1 ላይ ነው። በፈር ማለት ፕሮግራሙ ለሚመጣለት ዳታ ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። አጥቂው መጠኑ 65,536 ባይት ነው የሚል ዝርዝር ይልካል እንበል። ዊንዶውስ ሲመረምረው ትክክለኛው 65,373 ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ በፈሩንም በዚሁ ስሌት ይይዛል። መጠኑን ሲያርም ግን ከቁጥሩ 4 ባይቶች የታችኞቹን 2 ብቻ ስለሚቀይር 130,909 ይሆንበታል። በትንሹ ልክ በተያዘው ቦታ ላይ በትልቁ ልክ ሲገለብጥ ትርፉ አጠገቡ ያለውን ሜሞሪ ይደመስሳል፤ በፈር ኦቨርፍሎው የሚባለው ይህ ነው። ይህ የሚሆነው ከርነል ውስጥ፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ማሽኑን ይቆጣጠራል። አንቲቫይረስ በአብዛኛው የሚፈትሸው ፋይል ነው፤ እዚህ ግን መግቢያው ላይ ፋይል የለም።

ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዚሁ ቀዳዳ ዓለምን ያመሰው ግንቦት 4 ቀን ነው፤ አፕዴት ያደረጉት ሁለት ወር ቀድመው በሩን ዘግተው ነበር። እርስዎ ቤት እንዲህ ባለ ቫይረስ የተያዘ አንድ የደንበኛ ላፕቶፕ ዋይፋይዎ ላይ ቢገባ አምስቱንም ሊያዳርስ ይችላል።

መጀመሪያ የደንበኞችን ሰነድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠው ይንቀሉት። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ ውስጥ ገብተው «ኤስአርቪ» (srv.sys) የተባለውን ሲስተም ፋይል በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ይመልከቱ። ቨርዥኑ ከ6.1.7601.23689 ካነሰ ቀዳዳው ክፍት ነው። ዳታ ለመቆጠብ ማስተካከያውን፣ ኬቢ4012212ን (KB4012212)፣ ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ አንዴ አውርደው በፍላሽ አምስቱም ላይ ይጫኑት። 32 ቢት ወይስ 64 ቢት መሆኑን ይለዩ፤ ሰርቪስ ፓክ 1 ከሌለ አይጫንም።

ኤስኤምቢ1ንም ይዝጉት። የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጅስትሪ ውስጥ ላንማንሰርቨር (LanmanServer) ሥር ባለው ፓራሜተርስ (Parameters) «ኤስኤምቢ1» (SMB1) የሚል ዲወርድ (DWORD) ፈጥረው 0 ይስጡትና ሪስታርት ያድርጉ። የቆየ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን ወደ ፎልደር መላክ ሊያቆም ይችላል፤ በፍላሽ ይውሰዱት እንጂ መልሰው አይክፈቱት።

ይህ የሚደፍነው አንዱን ቀዳዳ ነው። የዊንዶውስ 7 ነጻ የደህንነት አፕዴት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚቀየረው ፋይል ሼር የሚያደርገው ኮምፒውተር ይሁን።