ለቡሬዋ እናት፦ ስለ ቅብጥብጡ ልጅሽ

እታለም፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ልጅሽ 9 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፣ እርሳስና ደብተር ይጥላል፣ የጀመረውን አይጨርስም። አማትሽ ጠበል ውሰጂው ይላሉ፣ አስተማሪው ግረፊው ይላል። ስልክ ላይ ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፣ አየሽ። እኛ ጎጃም ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የት ይገኛል ነው ጥያቄሽ። አባቱም ዝንጉ ነው፤ ይወረሳል እንዴ ብለሻል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የኔም ልጅ እንዳንቺው ልጅ ነው፤ አሁን አድጎ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያለፍኩበትን ነው የምነግርሽ።

ሁሉም ሰው "የት ልሂድ?" ብሎ ይጀምራል። እኔ "ምን ይዤ ልሂድ?" የሚለው ይቀድማል ባይ ነኝ። ለምን መሰለሽ? ይህን ነገር የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ራጅም ኤምአርአይም አይነግርሽም። ባለሙያው የሚወስነው በታሪክ ነው፤ እናት በነገረችው፣ አስተማሪ በጻፈው፣ እሱ ራሱ ባየው። ችግሩ ደግሞ እነዚህ ልጆች አዲስ ቦታ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ጭምት ይሆናሉ። የኔው ጉድ ሐኪሙ ፊት እጁን አጣምሮ ቁጭ አለ። ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ የሚንጠላጠል ልጅ! ደብተሩን ይዘን ባንሄድ ኖሮ "ልጁ ደህና ነው" ተብለን እንመለስ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተር ያዢ። ሁለት ሳምንት ያህል ጻፊ። "አስቸገረኝ" ብለሽ አትጻፊ፤ የሆነውን ጻፊ። ጨው ግዛ ተብሎ ተላከ፣ መንገድ ላይ ኳስ አየ፣ ሲመሽ ያለ ጨው ያለ ብር መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልሽ። መቼ ተኛ፣ መቼ ተነሳ። የቤት ሥራ ሲሠራ ስንት ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ የቆየውን አስታውሺ። ምጡ ጠንቶብሽ ነበር? ያለ ጊዜው ነው የተወለደው? ኪሎው አነስተኛ ነበር? ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቶ ያውቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መቼ ነው የጀመረው?

ይህ የመጨረሻው ትልቅ ጥያቄ ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው ይላል። ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቤትም ትምህርት ቤትም መታየት አለባቸው። ትኩረት ማጣትን የሚመለከቱ 9 ምልክቶች አሉ፤ መቅበጥበጥንና መቸኮልን የሚመለከቱ ሌላ 9። ለልጅ ከአንዱ ወገን 6 መሟላት አለበት። የሁለቱም ያለበት ልጅ አለ፣ የአንዱ ብቻ ያለበትም አለ። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታለፉት እዚህ ላይ ነው። አይረብሹም፤ ጥግ ይዘው በሐሳብ ይሄዳሉ፤ ማንም አያማርርባቸውም።

እዚህ ላይ የኛን አገር ጉዳይ ላንሳ። ባለፉት ዓመታት ተኩስ የሰማ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ልጅም አይረጋጋም። ይባንናል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱ አይለዩም። መነሻው ግን ሌላ ነው፤ እርዳታውም ሌላ። ልጅሽ ከዚያ ሁሉ በፊት፣ አራት አምስት ዓመቱ ሳለ እንዴት እንደነበር በደንብ አስቢ። አክስቶቹንም ጠይቂ፤ እናት ትረሳለች፣ አክስት አትረሳም።

አሁን ወደ አስተማሪው። ግረፊው ማለቱ አናዶሻል። እኔም ከዚያው ወገን ነኝና ትንሽ ልከራከርለት። በኛ አገር አንድ ክፍል ውስጥ 60፣ 70 ልጅ ይቀመጣል። አንዱ ሲነሳ ሃያው ይከተለዋል። ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን መላ አጥቶ ይሆናል። ሄደሽ አትጣዪው። በእረፍት ሰዓት አግኚውና አንድ ነገር ለምኚው፦ አንድ ገጽ ወረቀት። "ባለጌ ነው፣ ጨዋ አይደለም" የሚል ሳይሆን፣ በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የት ላይ ያቆማል? ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል? ተራ ይጠብቃል? አንድ አስተማሪ ይህን ለመጻፍ ልጁን ለሳምንት ሲከታተል ዓይኑ ይለወጣል። በገዛ ባልደረቦቼ አይቼዋለሁ። ዱላው ሳይነገረው ይቀራል።

የት ትሄጂያለሽ? የጤና መድን ደብተር ካለሽ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሪፈር ሳይጻፍልሽ ዘለሽ ከሄድሽ መድኑ ላይሸፍንልሽ ይችላል። ከዚያ ሆስፒታሉ ውስጥ "ሳይካትሪ ክፍል የት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚቀበሉሽ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናቸው። አትናቂያቸው። ከኛ ጋር ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሰማን ነርስ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ወይም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይልኩሻል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተሽ ተነሺ። አዲስ አበባ አማኑኤል ካልሄድኩ አይሆንም ብለሽ አትጨነቂ። በሩ ላይ "አእምሮ ሕክምና" የሚል ስላየሽም አትሸማቀቂ። "ልጄን እብድ አሉብኝ" ብላ ከበር የተመለሰች እናት አውቃለሁ።

እዚያው ሳለሽ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ጆሮው የሚመግል ልጅ ትእዛዝ አይሰማም፤ ሰሌዳ የማይታየው ልጅም ይነሳል፣ ይዞራል። ደም ማነስም ይታይ። አንድ ሌላ ነገር አለ። በመሀል ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ቀርቶ፣ ስትነኪውም የማይሰማሽ ከሆነ ለባለሙያው ሳትነግሪ እንዳትመለሺ። እሱ ትኩረት ማጣት ላይሆን ይችላል፤ ፈዝዞ የሚያስቀር የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። ሕክምናው ሌላ ነው። እኛን በመጀመሪያ ያየን አንድ የግል ክሊኒክ የትል መድኃኒትና ቪታሚን ሰጥቶ ሸኝቶናል። ትሉ ወጣ፤ ልጁ ግን ያው ነው።

ከትምህርት በኩል ደግሞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ጠይቂ። ብዙ ወላጅ መኖሩንም አያውቅም። ልጁ ፊት ወንበር እንዲቀመጥ፣ ፈተና ላይ ትንሽ ጊዜ እንዲጨመርለት ርእሰ መምህሩን የሚያናግርልሽ እሱ ነው።

ስልክ ላይ የሚገኘውን በተመለከተ ብዙ አልልም። በአማርኛ "የትኩረት ማነስ" ብለሽ ፈልጊ፤ የኛው የአእምሮ ሐኪሞች የተናገሩት ቪዲዮ ይመጣልሻል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ዘመድ ካለሽ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋምና ቻድ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ጥሩ ጽሑፍ አላቸው። ራስል ባርክሌይ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅም አለ፤ ንግግሮቹ ዩቲዩብ ላይ ናቸው። ጥሩውን አውርደሽ አስቀምጪ። ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የጠቀመኝ ያወረድኩት ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ በሦስት ጥያቄ "ልጅሽ አለበት" የሚልሽንና መጨረሻ ላይ ዱቄት የሚሸጥልሽን እለፊው። ቡና አጠጪው የሚል ምክርም አይቻለሁ። ተይው።

አማትሽ። እኔ እናቴን ያሳመንኩበትን ልንገርሽ። "ይሄ የፈረንጅ፣ የስልክ ዘመን በሽታ ነው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን ተናግሮላቸዋል ብዬ ነገርኳት። አልገረማትም። "ታዲያ ኳስ ሲጫወት ቀኑን ሙሉ የሚቆየው እንዴት ነው?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጓሙ የላላ በቅሎ በዪው አልኳት። ጉልበት አለው፣ ይጋልባል፤ ጣጣው ወደፈለግሽበት መመለሱ ላይ ነው። ይህ ገባት። ጠበሉን ደግሞ አልተከራከርኳትም። እንዳይመታ፣ እንዳይታሰር ብቻ አስማልኳትና አብሬ ሄድኩ። ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በይፋ ተናግረው ነበር። እሱን ሳነሳላት የልጄን ክኒንም መፍራት ተወች።

ለኤዲኤችዲ የሚሰጠው መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት ይባላል፤ ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። የሚያነቃቃ መድኃኒት ነው። ቅብጥብጥን ልጅ ማነቃቃት ግራ ያጋባል፤ ሥራው ግን አእምሮ ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ማጠናከር ነው። ልጁ ራሱን መግታት የሚችለው በነሱ ነው። አጭሩ ዓይነት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይሠራል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ኪሎው፣ ቁመቱና የደም ግፊቱ በየጊዜው ይታያል። ረቡዕና ዓርብ የሚያስጾሙት ከሆነ ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ንገሪ። ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ በየመድኃኒት ቤቱ አታገኚውም። ማዘዣውን ሲጽፉልሽ "የት ነው የማገኘው? ካጣሁትስ?" ብለሽ እዚያው ጠይቂ። ሌላ አማራጭ ካለ ይነግሩሻል። ለሁሉም ልጅ አይሰጥም፤ ለሚሰጠውም ልጅ ብቻውን አይበቃም።

የቀረው ቤት ውስጥ ነው። ባርክሌይ እንዲህ ያለ ልጅ ራሱን በመግዛት ከእኩዮቹ በ30 ከመቶ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል ይላል። ያንቺን የ9 ዓመት ልጅ በዚህ በኩል እንደ ስድስት ዓመት ልጅ አስቢው ማለት ነው። ይህን ካሰብሽ ንዴትሽ በግማሽ ይቀንሳል። ትእዛዝ አንድ አንድ ስጪው። ከጓዳ ሆነሽ አትጩሂ፤ ሄደሽ ትከሻውን ነክተሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ። የቤት ሥራውን ቆራርጪለት፤ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ውኃ ይቅዳ፣ ተመልሶ ይቀመጥ። "አንደኛ ከወጣህ ክረምት ላይ ብስክሌት" የሚሉት ነገር ለነዚህ ልጆች አይሠራም። ክረምት ሩቅ ነው። አምስት ሂሳብ ሠራህ፣ አሁን ኳስህን ያዝ። እሱ ይሠራል። ክፍል ውስጥም ጠመኔ አምጣ፣ ሰሌዳ አጥፋ እያለ አስተማሪው ይላከው፤ መነሳቱ ካልቀረ በፈቃድ ይነሳ።

አንድ የገረመኝን ልጨምር። ልጄ ከሰሌዳ ሦስት መስመር ገልብጦ አይጨርስም ነበር። ክረምት ላይ ቤተ ክርስቲያን የኔታ ዘንድ ስንልከው ግን ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያዘ። ቤተሰቡ ተአምር ነው አለ። እኔ እንደ አስተማሪ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ትምህርቱ አጭር አጭር ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ሰውነቱ ይወዛወዛል፤ ማንም አርፈህ ተቀመጥ አይለውም። ተራው ሲደርስ የኔታ ፊት ብቻውን ይቀርባል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። አለንጋውን አልደግፍም። የቀረውን ግን ለቤት ሥራ ወሰድኩት። አሁንም ታሪክና ሳይንስ የሚያጠናው ግቢ ውስጥ እየተመላለሰ፣ ጮክ ብሎ ነው። ጎረቤት ለምዶታል።

ስለ ባልሽ፦ አዎ፣ በዘር ይሄዳል። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘሩ ድርሻ ከ70 ከመቶ በላይ ነው ይላሉ። በቤተሰብ የሚመላለሰው ለዚህ ነው፤ አንቺ አሳድገሽ ያበላሸሽው ነገር አይደለም። አዋቂ ላይ ሩጫው ይቀንሳል፤ መርሳቱ፣ ቀጠሮ ማሳለፉ፣ የጀመሩትን መተው ይቀራል። ለልጄ ጥያቄዎቹን ስመልስ ነርሱ ቀና ብሎ አየኝና "አንተስ?" አለኝ። እኔም ተመረመርኩ፤ እኔም አለብኝ። ዛሬ ስልኬ ለሁሉም ነገር ይጮሃል፤ የዕቁቡን ገንዘብ የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ባልሽን ሳትወቅሺ ንገሪው። ልጁን ስትወስዱ አብሮ ይሂድ፣ የልጅነቱን ታሪክ እሱው ይናገር። የቀጠሮ ካርዱን ግን አንቺ ያዢው።